ከመሞከሪያው ሱቅ ያመለጠችው

የቦርሳ መሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች በሙሉ የባለቤቱን ልጅ «ሚሊሜትር» ይሏታል። ስሙን ያወጣችላት አክስቷ ናት። አንድ ቀን ልጅቷ የተሰፋ ቦርሳ ይዛ ከፎቅ ወረደችና «አክስቴ፣ የግራው ኪስ ከቀኙ በሦስት ሚሊሜትር ዝቅ ብሏል» አለቻት። አክስቷ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቀለች።

«አንቺ ልጅ፣ ባልም በማስመሪያ ለክተሽ የምትመርጪ ከሆነ ቆመሽ መቅረትሽ ነው።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ስሙም ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደ ማስቲሽ ተለጠፈባት። እሷ ግን አልተቀየመችም። ኪሱ ተፈትቶ እንደገና እስኪሰፋ ድረስ እዚያው ቆማ ጠበቀች።

መሥሪያ ቤቱ የአባቷ ነው። ምድር ቤቱ ላይ ቆዳ የሚቆረጥበት ሰፊ ጠረጴዛ፣ ከግድግዳው ጋር የተደረደሩ የስፌት መኪኖች፣ ከዳር እስከ ዳር ክር የሞላበት መደርደሪያ አለ። ፎቁ ላይ ያለችው ጠባብ ክፍል የእሷ ናት። እዚያ ቦርሳዎቹን ነጭ ጨርቅ ላይ አስቀምጣ ፎቶ ታነሳለች፣ ርዝመትና ስፋታቸውን ትለካለች፣ በኦንላይን ሱቃቸው ላይ ታወጣለች። ከእያንዳንዱ ቦርሳ አጠገብ ማስመሪያ ታቆማለች፤ ገዢው መጠኑን በዓይኑ እንዲያይ።

አባቷ በእጁም በቃሉም የታወቀ ሰው ነው። ዋጋ የሚናገረው አንዴ ነው። ሊከራከር የፈለገ ሰው ከመጣ «ወንድሜ፣ ቦርሳው ይቀነሳል እንጂ ዋጋው አይቀነስም። ኪሱን ላንሳልህ?» ይለዋል። ሰውየው ይስቅና ይከፍላል።

በኦንላይን ሱቁ በኩል ግን የሚስቅም የሚከፍልም ሰው ጠፋ። ከሩቅ አገር የሚገቡ ጎብኚዎች ቦርሳዎቹን አንድ በአንድ ያያሉ፣ ፎቶውን ያሰፋሉ፣ የስፌቱን መስመር ሳይቀር ይመረምራሉ። ዋጋው ጋ ሲደርሱ ይወጣሉ። ልጅቷ ይህን ለወራት ታዝባለች። ፎቶውን ቀየረች፣ ጽሑፉን አሳጠረች፤ ሰዎቹ አሁንም እዚያችው ቦታ ላይ ደርሰው ተመለሱ። የት እንደሚመለሱ ታውቃለች፤ ለምን እንደሚመለሱ ግን አታውቅም።

ምክንያቱን የነገራት ማንገቻው የተበጠሰ ቦርሳ ይዞ የገባ ወጣት ነው።

ቦርሳውን እንደ ሕፃን ልጅ ደረቱ ላይ አቅፎ በሩ ላይ ቆመ። ረጅም ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ በር ደግሞ አጭር ስለሆነ አንገቱን ሰበር አድርጎ ነው ያየቻት።

«ይቅርታ፣ ይሄ እዚህ ነው የተሠራው። ይጠገናል?»

ተቀብላ ማንገቻውን ወደ ብርሃን አዞረችው። ክሩ አልላላም፤ ቆዳው ራሱ ነው የተቀደደው።

«ምን ተሸክመህበት ነው?»

«ላፕቶፕ።»

«ላፕቶፕ ብቻ?»

ቦርሳውን አየና በቀስታ «እና ድንች» አለ።

«አባቴ ይህን የሠራው ለላፕቶፕ ነው። ለድንቹ አይጠየቅም» አለችው፤ ግን ፈገግታዋን መደበቅ አልቻለችም። እሱም ያንን ፈገግታ አይቶ ዓይኑን ቶሎ አላነሳም።

አክስቷ ማንገቻውን እስክትሰፋለት ድረስ ወንበር ተሰጠው። ዝም ብሎ መቀመጥ የማይችል ሰው ስለሆነ ወሬ ጀመረ።

«ውጭ አገር ያለችው እህቴ ይህንኑ ዓይነት ከድረ ገጻችሁ ላይ ልትገዛ ፈልጋ ነበር። ዋጋውን ስታይ ስልክ ቁጥር መሰላት። ለእኔ ላከችልኝና ‹ደውልላቸውና ዋጋውን ጠይቅልኝ› አለችኝ።»

ሠራተኞቹ ሳቁ። ልጅቷም ልትስቅ አፏን ከፈተች፤ ሳቋ ግን ከጉሮሮዋ ሳይወጣ ቀረ። ለወራት ስትፈልገው የነበረው ነገር አንድ ድንች ተሸካሚ አምጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠላት። ሰዎቹ ውድ መስሏቸው አይደለም የሚወጡት። ዋጋው በብር ብቻ ስለተጻፈ ውድ ይሁን ርካሽ ማወቅ ስላልቻሉ ነው።

«ሥራህ ምንድን ነው?» አለችው።

«ፕሮግራመር ነኝ።»

«ማንገቻህ ቢያልቅም እንዳትሄድ።»

አልሄደም። ከአባቷ ፊት ቆሞ ነገሩን ሲያስረዳ፣ እሷ ከጎን ሆና እጆቹን ነበር የምታየው። ለእያንዳንዱ ሐሳብ በአየር ላይ ቦታ እያበጀለት ነበር የሚናገረው።

«ጋሼ፣ ገዢው ከየት አገር እንደገባ ሱቁ ያውቃል። ዋጋውን በዚያው አገር ገንዘብ ያሳየዋል። ሰውየው ዶላር የለመደ ከሆነ በዶላር፣ ዩሮ የለመደ ከሆነ በዩሮ ያያል። ክሪፕቶ የሚባለውን የኢንተርኔት ገንዘብ የሚይዝ ሰው ደግሞ በቢትኮይንም ሊያየው ይችላል። ምንዛሪውን በየደቂቃው ከገበያ እናመጣለን።»

አባቷ የያዘውን ቢላዋ አስቀመጠ። የስፌት መኪኖቹ አንድ በአንድ ዝግ አሉ።

«በየደቂቃው? ሰውየው ቦርሳዬን እያየ ዋጋዬ ይቀያየራል ነው የምትለኝ? እኔ በዚህ ቤት ዋጋ ሁለቴ ተናግሬ አላውቅም።»

«የእርስዎ ዋጋ ካለበት አይነቃነቅም። የሚነቃነቀው የእነሱ ገንዘብ ነው። እርስዎ ፌርማታ ላይ ቆመው አውቶቡስ ቢያልፍ፣ የሄደው አውቶቡሱ ነው እንጂ እርስዎ አይደሉም።»

«አውቶቡስ ሲያመልጠው ብታየው እንዲህ አትልም ነበር» አለች አክስቷ ክር እየበጠሰች። «ሮጦ የሚሄደው እሱ ነው።»

አባቷ እንኳ ፈገግ አለ። «የሚገባልኝስ ገንዘብ?»

«ሂሳቡ የሚዘጋው በእርስዎ ዋጋ ነው። እኔ የምሠራው ማሳያ ነው፤ ስንት እንደሚሆንባቸው አውቀው እንዲገቡ።»

አባቷ ልጁን፣ ከዚያ ልጅቷን፣ ከዚያ እንደገና ልጁን አየ። «እሺ። አዲሶቹ ቦርሳዎች እስኪወጡ ድረስ ሞክሩት። የማልወደው ነገር ካየሁ ግን ከነሥሩ ነው የማስነቅለው።»

ጠባቧ ክፍል ውስጥ ሁለተኛ ጠረጴዛ ገባ። ወደ እሷ ፊቱን አዙሮ ይቀመጥ ወይስ ወደ መስኮቱ የሚለው ነገር ለሁለቱም ከባድ ጥያቄ ሆነባቸው። በመጨረሻ በጎን አስቀመጡት፤ ቀና ባሉ ቁጥር እንዲተያዩ፣ ካላሉ ደግሞ እንዲሠሩ።

አክስቷ ስም ለማውጣት አላረፈደችም፤ «ምንዛሪ» አለችው። ጠዋት ጠዋት በሩን ሲከፍት ከመኪናዋ ላይ ሆና ትጮህበታለች።

«ምንዛሪ! ዛሬ ስንት ነህ?»

«ከትናንቱ ትንሽ ጨምሬያለሁ፣ እትዬ!»

«ፎቁ ላይ ስትወጣ ነው የምትጨምረው፤ እዚህ ታች ያው ነህ።»

ሥራው ግን ቀልድ አልነበረም። አንዳንዱ አገር ሳንቲም የሚባል ነገር የለውም፤ አንዳንዱ ጋ ሺህ ማለት ምንም ነው። ተመንዝሮ የሚመጣው ቁጥር ደግሞ ጅራቱ ረጅም ነው። ልጁ ጅራቱን ቆርጦ ወደሚቀጥለው ሙሉ ቁጥር ሊያሳድገው ፈለገ።

«ለዓይን ያምራል» አላት።

«ለዓይን ያምራል፤ ግን ጨምረህበታል።»

«ከአንድ ሳንቲም አይበልጥም እኮ።»

«አንድ ሳንቲም ከሆነማ እኛ እንክሰረዋ። ሁልጊዜ ወደ እኛ የሚያደላ ስህተት ስህተት አይባልም።»

ልጁ እጆቹን ከቁልፎቹ ላይ አንስቶ አያት። ብዙ ሰው ሠርቶላታል፤ ብዙ ሰው ተከራክሯታል። ተከራክሮ ሲሸነፍ ደስ የሚለው ሰው ግን አይታ አታውቅም ነበር። ልጁ ተሸንፎ ደስ ብሎት ነበር። ቁጥሩ በቀረበበት በኩል እንዲቆረጥ አድርጎ ጻፈው።

አንድ ቀን አባቷ ደረጃውን ወጥቶ ስክሪኑ ላይ አጎነበሰ። የታየው ዋጋ በቢትኮይን ነበር።

«ዜሮ ነጥብ ዜሮ ዜሮ... ቦርሳዬን በነፃ ነው የምታድሉት?»

«ከዜሮዎቹ በኋላ ያለውን ይዩት ጋሼ።»

«እኔ ከዜሮ በኋላ የሚመጣ ነገር አምኜ አላውቅም» ብሎ ወረደ። ደረጃው ላይ ቆም ብሎ «ስፌቱ ግን በፎቶው ላይ ደህና ይታያል» አለ። ይህ ከእሱ አፍ ሲወጣ እንደ ጭብጨባ ይቆጠራል።

ማንኛውም ነገር ለገዢ ከመታየቱ በፊት የሚሞከርበት ሌላ ሱቅ ነበራቸው። መልኩ ከዋናው ሱቅ ጋር አንድ ነው፤ ከሁለቱ በስተቀር ግን ማንም አያየውም። አዲስ ቦርሳ መጀመሪያ እዚያ ይገባል፣ ዋጋው በሁሉም ገንዘብ ይፈተሻል፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ዋናው የሚተላለፈው። ልጁ ለሙከራ ብሎ ርካሽም ውድም የሆኑ የፈጠራ ዕቃዎችን እዚያ ያስገባ ነበር። ከቦርሳዎቹ መሀል «የተሰበረ ጃንጥላ»፣ «ግማሽ ወንበር»፣ «የአክስት ቁጣ፣ ትልቁ መጠን» የሚሉ ዕቃዎች ተገኙ።

ልጅቷ «የአክስት ቁጣ»ን ስታይ ብቻዋን ሳቀች። ከዚያ ሥራዋ ነውና አስተያየት ጻፈችበት፦ ርዝመትና ስፋቱ ያልተጻፈለት ዕቃ አይወጣም።

በማግስቱ ዕቃው ተስተካክሎ ነበር። ርዝመት፦ ከጠዋት እስከ ምሳ። ስፋት፦ መላው ምድር ቤት።

እንዲህ ተጀመረ። ፊት ለፊት ሲሆኑ ስለ ምንዛሪና ስለ ፎቶ ይነጋገራሉ፤ ፊት ለፊት የማይባለውን ነገር መሞከሪያው ሱቅ ውስጥ ያስቀምጡታል። እሱ «ዝናብ ሲያባራ ከመስኮት የሚታይ መንገድ» ብሎ ያስገባል። እሷ «ፎቶው ደብዝዟል፤ በቦታው ተገኝቶ ማየት ያስፈልጋል» ብላ ትመልሳለች። ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ አዲስ ዕቃ ገባ፦ የእግር ጉዞ፣ ከመሥሪያ ቤቱ እስከ ድልድዩ፣ ለሁለት ሰው። ዋጋው ዜሮ ነበር። ልጅቷ ገንዘቦቹን አንድ በአንድ እየቀያየረች አየችው። በዶላር ዜሮ፣ በዩሮ ዜሮ፣ በየን ዜሮ፣ በቢትኮይንም ዜሮ። በሁሉም አገር እኩል የሆነ ዋጋ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው።

ምንም ሳትጽፍ «ወደ ቅርጫት ጨምር» የሚለውን ተጫነች። በጎን ካለው ጠረጴዛ የወንበር ድምፅ ተሰማ።

ድልድዩ ጋ ሲደርሱ የሚናገሩት አለቀ። ከእግራቸው ሥር ውኃው ይወርዳል፤ ከኋላቸው መኪኖች ያልፋሉ። ትከሻቸው በመሀላቸው ትንሽ ቦታ ትቶ ነበር። ልጅቷ ያችን ቦታ አየቻት፤ ያለማስመሪያም ስንት እንደምትሆን ታውቃለች።

«የማይቀያየር ነገር ነው የምትወጂው፣ አይደል?» አላት።

«አይደለም። መቀያየሩ አይጨንቀኝም። ምን እንደሚያስቀይረው ማወቅ ነው የምፈልገው።»

«እኔንም ስትታዘቢ ነበር ማለት ነው?»

«ከድንቹ ጀምሮ።»

ሳቀ። ሲመለሱ በትከሻቸው መሀል የነበረችው ቦታ አልነበረችም።

አዲሶቹ ቦርሳዎች ሊወጡ ሲቃረቡ የፈጠራ ዕቃዎቹ ተሰርዘው አንድ ሙከራ ቀረ። በጣም ረጅም ዋጋ ሲገባ ቁጥሩ ከሳጥኑ አልፎ ገጹን እንዳያበላሽ መታየት ነበረበት።

«ውድ ዕቃ ያስፈልገኛል» አላት።

«ዕቃውን እኔ እጽፋለሁ፤ ዋጋውን አንተ ሙላው» አለችው።

እሱ ለምሳ ሲወርድ ነጩ ጨርቅ ላይ ራሷ ቆመች። ካሜራውን በራሱ እንዲያነሳ አድርጋ፣ እንደ ደንቡ ማስመሪያውን ከጎኗ ያዘች። ከፎቶው ሥር ጻፈች፦

የቤቱ ልጅ። አንድ ብቻ ናት፤ ሁለተኛ አልተሠራችም። በእጅ ያደገች። ጉድለት፦ ስህተት ስታይ ዝም ማለት አትችልም። አትለወጥም፤ አትመለስም።

ከምሳ ሲመለስ አነበበው። አንዴ አነበበው፣ እንደገና አነበበው፤ አንገቱ ላይ ያለ የደም ሥር ሲመታ ከተቀመጠችበት ታየዋለች። በዚህ መሀል አክስቷ ከታች ጠራቻት። ስትመለስ ዋጋው ተሞልቶ ነበር፤ ረጅም የዘጠኝ ሰልፍ። እሱ ደግሞ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሯል።

«ሠራ?» አለችው።

«ሠርቷል። ገጹን አላበላሸም።»

ሌላ ነገር ትጠብቅ ነበር። ግን አልጠየቀችም።

አዲሶቹ ቦርሳዎች የወጡበት ቀን ጠዋት ልጁ ሸሚዙን ተኩሶ መጣ። ተኩሶ መምጣቱ በራሱ ዜና ነበር፤ ግን አንዱ ኮሌታ ከሌላው ከፍ ብሎ ተተኩሷል። ልጅቷ ቦርሳዎቹን ከመሞከሪያው ወደ ዋናው ሱቅ ስታስተላልፍ ሁልጊዜ አንድ በአንድ ነበር የምትመርጣቸው። ያን ቀን ግን ዓይኗ ኮሌታው ላይ ነበር፤ በስንት ሚሊሜትር እንደሚበልጥ እየገመተች፣ በዚያ ላይ ያ ኮሌታ ለምን እንዲህ እንዳማራት እየገረማት፣ እጇ «ሁሉንም ምረጥ» የሚለውን ተጫነ።

ወዲያው የመጀመሪያው ትእዛዝ መጣ፤ ከማታውቀው አገር፣ በማታውቀው ገንዘብ ዋጋውን አይቶ የገዛ ሰው። ሌላም ተከተለ። መሥሪያ ቤቱ እልል አለ። ልጅቷ ጥቅሎቹን ይዛ እየበረረች ወደ ፖስታ ቤት ሄደች።

ስትመለስ የስፌት መኪኖቹ ቆመዋል። አክስቷ በሩ ላይ ጠበቀቻት።

«የት ነበርሽ አንቺ! ቤቱ እሳት ሆኖ ነበር።»

«ምን ተፈጠረ?»

«አጎትሽ ከውጭ ደወለ። ‹ወንድሜ፣ ልጅህን ከቦርሳ መሀል አየኋት፣ ያውም በዩሮ› አለው። አባትሽ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ከዚያ የአጎትሽ ሚስት ስልኩን ተቀብላ ‹እኔ ጋ በቢትኮይንም ትታያለች› አለችው። ከዚያ ወዲያ አልሳቀም።»

ልጅቷ የበሩን መቃን ያዘች። እጇ የተጫነው «ሁሉንም ምረጥ» ራሷንም እንደጨመረ አሁን ነው የታያት።

«ምንዛሪን ጠራው» አለች አክስቷ፣ አሁን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «‹ልጄን ገበያ ያወጣት ማነው?› አለው። ልጁ ስክሪኑን አየ፤ ድርቅ አለ። ከዚያ ‹ጥፋቱ የእኔ ነው ጋሼ› አለ። ፎቶሽን ከሱቁ ላይ አወረደው፤ ላፕቶፑን አንስቶ ወጣ። እኔስ ብትይ፣ ያ ጽሑፍ የማን እንደሆነ ሳላውቅ ቀርቼ ነው? ‹በእጅ ያደገች› የሚል ሰው በዚህ ቤት አንድ ነው ያለው። ግን የአንቺን ነገር አንቺው ተናገሪ ብዬ አፌን ያዝኩ።»

አባቷ ሲናደድ ቆዳ አይቆርጥም፤ ቢላዋ ይስላል። ያን ጊዜም እየሳለ ነበር። ልጅቷ ከጠረጴዛው ማዶ ቆመች።

«አባዬ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፎቶውንም ያነሳሁት እኔ ነኝ። ዋናው ሱቅ ላይ ያወጣሁትም እኔ ነኝ፤ ሳላይ ሁሉንም መርጬ።»

ቢላዋው ቆመ። «ልጁ የእኔ ጥፋት ነው ብሏል።»

«ዋሽቷል።»

«ለአንቺ ብሎ?»

«ለእኔ ብሎ።»

አባቷ ቢላዋውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሲናገር ድምፁ ውስጥ ቁጣው አልነበረም፤ ያ ነው የከበዳት።

«እኔ የቆዳ ዋጋ አውቃለሁ። የክር፣ የዘለበት ዋጋ አውቃለሁ። ወንድሜ ግን በልጄ ላይ የተጻፈ ዋጋ በስልክ ሲያነብልኝ ምን እንደምለው አጣሁ። ይገባሻል?»

«ይገባኛል። ይቅርታ፣ አባዬ።»

«ያ ማሳያ ይነቀል።»

ልጅቷ ትንፋሿን ሰበሰበች። «ማሳያው የአንተ ነው፤ ይነቀል ካልክ ይነቀላል። ዛሬ የገዙት ሰዎች ነገ ዋጋው ጋ ደርሰው ይመለሳሉ፤ እሱን አንተው ታውቀዋለህ። ልጁ ግን ከማሳያው ጋር አብሮ የሚነቀል ዕቃ አይደለም። እወደዋለሁ። ሄጄ አመጣዋለሁ።»

አክስቷ ያለምንም ምክንያት ጉሮሮዋን ጠራረገች። አባቷ ልጁን ባስገባበት ቀን ያየውን ነገር አሁን የተረዳው ይመስል አገጩን አሸት አሸት አደረገ።

«ቢመጣስ ምን እለዋለሁ?»

«የፈለግከውን ጠይቀው። እንደ ጠዋቱ አይዋሽህም።»

ልጁ የሚሠራው ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት በላይ ባለች ክፍል ነው። ላፕቶፑ ሳይከፈት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ እሱ ደግሞ ላፕቶፑን እያየ ተቀምጧል። ሳታንኳኳ ገባች።

«ስህተቴን ማን ውሰድ አለህ?»

«ምን?»

«ሁሉንም ምረጥ ያልኩት እኔ ነኝ። በስንት ዘመኔ አንዴ ብሳሳት፣ እሱንም ወሰድክብኝ?»

ሳይፈልግ ሳቀ። ሳቁ ቶሎ አለቀበት። «አባትሽ ያን ጊዜ ያዩኝን አስተያየት አላየሽም። አንቺን እንደዚያ እንዲያዩሽ አልፈለግኩም።»

ከታች የፎቶ ኮፒው ማሽን ወረቀት እየተፋ ይንሾካሾካል። ዓይኑ ቀልቷል። የማታየው መስሎት ወደ ግድግዳው ዞረ። እሷ ግን የማታየው ነገር የለም።

«ደግ ሰው ነህ» አለችው በቀስታ። «ግን ልትከላከልልኝ ብለህ ቦታዬ ላይ አትቁም። አጠገቤ ቁም።»

«አሁን ምን ብዬ ነው ተመልሼ የምገባው?»

«ምንም ሳትል ግባ። እኔ ተናግሬ ጨርሻለሁ።»

ጎን ለጎን ሆነው በሩን ሲያልፉ ሠራተኞቹ ሁሉ የሚሰፉት ነገር የጠፋባቸው ይመስል እጃቸውን አጣጥፈው ነበር። አባቷ ከጠረጴዛው ጀርባ ቆሟል።

«ጽሑፉን ማን እንደጻፈው ሰምቻለሁ» አለ። «ዋጋውንስ?»

«ዋጋውን እኔ ነኝ ጋሼ።»

«ገንዘብ እንደ አውቶቡስ ነው፣ ይሄዳል ይመጣል ያልከኝ አንተ ነህ። ታዲያ ልጄን እዚያ ላይ ስታስቀምጣት ያ የጻፍከው ቁጥር ምንድን ነው?»

ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ እጆቹን ሳያንቀሳቅስ ተናገረ።

«አልመረጥኩትም። ጽሑፏን አነበብኩና ዘጠኝን ተጭኜ ያዝኩ። ሳጥኑ ሞልቶ አልቀበልም እስኪል ድረስ። ከዚያ በላይ የምጽፍበት ቦታ አልነበረም።»

ልጅቷ ዞራ አየችው። «ሠርቷል ብለኸኝ ነበር።»

«ሳጥኑ ሠርቷል። እኔ ግን ያን ቀን ከዚያ በኋላ አንድ መስመር አልጻፍኩም።»

አባቷ የሳለውን ቢላዋ ወደ መስቀያው መለሰ። ሲመልስ ጊዜ ወሰደበት።

«ሳጥንህ ጠባብ ነው» አለ።

ወደ ፎቁ ቀና ብሎ አየ።

«ለቦርሳዬ ይበቃል፤ ማሳያው ባለበት ይቆይ። ለልጄ ግን አይበቃም። ስለ እሷ የምትለው ካለህ በማሽን ሳይሆን በአፍህ በለው።»

ልጁ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጋሼ፣ እኔ...»

«ወደ እኔ ምን ታያለህ? እሷ እዚያ ናት።»

ዞረ። ልጅቷ ከፊቱ ቆማለች። ይህን ጥያቄ በስንት ዓይነት ቃል ሲያሰናዳ እንደከረመ ፊቱ ላይ ይነበባል፤ ያሰናዳው ሁሉ ጠፍቶበት የቀረው አጭሩ ነበር።

«ታገቢኛለሽ?»

ልጅቷ አልለካችም፣ አልገመተችም፣ ጊዜም አልወሰደችም።

«አዎ» አለች።

«አልሰማሁም!» ብላ ጮኸች አክስቷ ከመኪናዋ ላይ።

«መኪናው ሁሉ ቆሟል እኮ፣ አክስቴ! እንዴት አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ። ድገሚው እንጂ።»

ደገመችው።